የክረምት መውጫ እንግዶች፦ በጨፌያችን የሚያርፉት ወፎች

ኃያሉ አላህ (ሱ.ወ) በተከበረው ቁርኣን ውስጥ ወፎችን እንድንመለከት ከአንድ ጊዜ በላይ ጋብዞናል። በሱረቱል ሙልክ 19ኛው አንቀጽ፣ ከበላያችን ክንፋቸውን እየዘረጉና እየሰበሰቡ የሚበሩትን ወፎች በአየር ላይ የያዛቸው ከርሱ ከአዛኙ ጌታ ሌላ ማንም እንዳልሆነ ያስታውሰናል። በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ ደግሞ በምድር ላይ የሚሄደው እንስሳም ሆነ በክንፎቹ የሚበረው ወፍ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ይነግረናል። በሱረቱን ኑር 41ኛው አንቀጽም እያንዳንዳቸው ስግደታቸውንና ውዳሴያቸውን እንደሚያውቁ ተገልጿል። ታዲያ ይህን ግብዣ ተቀብለን፣ በደጃችን የሚያልፈውን ሕዝብ ቀና ብለን ያየን ስንቶቻችን ነን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ብዙ ጊዜ ልብ ስለማንላቸው የወፍ ወገኖች ነው። እነዚህ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ በየጨፌውና በየረግረጉ ብቅ የሚሉ፣ እግራቸው ቀጫጭን፣ ምንቃራቸው ረጃጅም፣ ጭቃ ውስጥ እየተራመዱ ምግባቸውን የሚለቅሙ ወፎች ናቸው። መልካቸው እንደ ጭቃው ቡናማና ግራጫ በመሆኑ ለዐይን አይጎሉም። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የሩቅ አገር መንገደኞች ናቸው። መንገደኛ (ሙሳፊር) ደግሞ በእስልምና ሐቅ ያለው እንግዳ ነው።

ጥቁሩ አፈርና የተኛው ውኃ

ወገል ጤና የደላንታ ከተማ ናት። የደላንታ ሜዳ በበሽሎና በጅጣ ጥልቅ ሸለቆዎች መካከል ከፍ ብሎ የተዘረጋ ደጋ ነው። ዛሬ የወገል ጤና ስም ሲነሳ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከገደሎቹ ወገብ እየተቆፈረ የሚወጣው የኦፓል ማዕድን ነው። ድንጋዩ ተወልውሎ ሲያብረቀርቅ እስከ ሩቅ አገር ገበያ ድረስ ሄዷል። ከገደሉ በላይ ባለው ሜዳ ግን ሌላ ሀብት አለ። ሳይቆፈር የሚታይ፣ ሳይሸጥ የሚጠቅም፣ በየዓመቱም በራሱ ጊዜ የሚመጣ ሀብት ነው።

የሜዳው አፈር አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ያብጥና ውኃ ወደ ውስጥ አላሳልፍ ይላል። በመሆኑም የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ይተኛል። ገበሬው ምስሩን፣ ሽምብራውንና ጓያውን ለመዝራት ይህ ውኃ እስኪሸሽ ይጠብቃል። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ይቀንሳል፤ ውኃውም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያፈገፈገ ለስላሳ ጭቃ ያጋልጣል። በዚያ ጭቃ ውስጥ ትላትሎች፣ የትንኝና የዝንብ ዕጮች፣ ጥንዚዛዎችና ቀንድ አውጣዎች ሞልተዋል። እንግዲህ ለገበሬው መጠበቂያ የሆነው ወር ለወፎቹ የተዘረጋ ማዕድ ነው።

በክፍል ውስጥ ተማሪዎችን «ጨፌ ምን ይጠቅማል?» ብዬ ስጠይቅ ከብት የሚያግደው ልጅ «ለግጦሽ» ይላል፤ ከልጃገረዶቹ አንዷ «ለቄጤማ» ትላለች። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ «ምንም! ማጥ ነው» ብለው ይስቃሉ። ይህ መልስ የልጆች ብቻ አይደለም። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም ረግረግን የሚያዩት ገና እርሻ እንዳልሆነ መሬት አድርገው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገርም ይኸው አመለካከት ነው።

ከወዴት ይመጣሉ? ለምንስ አሁን?

የእነዚህ ወፎች የትውልድ ስፍራ ሰሜን አውሮፓና ሩሲያ ነው። ከስካንዲኔቪያ ደኖች ረግረግ ጀምሮ ዛፍ እስከማይበቅልበት የሳይቤሪያ ቀዝቃዛ ሜዳ ድረስ ይፈለፈላሉ። በዚያ ምድር ሞቃቱ ወቅት እጅግ አጭር ነው። በግንቦትና በሰኔ በረዶው ይቀልጣል፤ ቀኑ ይረዝማል፤ ነፍሳት ይፈላሉ። ወፎቹም ፈጥነው እንቁላል ይጥላሉ፤ ጫጩቶቻቸውን ያሳድጋሉ። ሐምሌ ሳያልቅ ግን ሥራቸውን ጨርሰው መንገድ ይጀምራሉ። እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲበረታ እነርሱ ዘንድ ስንቅ መሰብሰቢያው ጊዜ ነው ማለት ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶቹ ገና ዝናቡ ሳያባራ ደርሰው የምናገኛቸው።

ከፊንላንድ ተነስቶ እስከ ወሎ ደጋ ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ እንኳ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመካከሉ ባሕር አለ፤ በረሃ አለ። ከፊሎቹ የዐረቢያን ምድር አቋርጠው ቀይ ባሕርን በመሻገር ይመጣሉ። ይህ ባሕር የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ መከራ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የተሻገሩት ባሕር ነው። ያኔ ንጉሥ ነጃሺ እንግዶቹን አሳልፎ ባለመስጠቱ ይህች አገር በሙስሊሞች ታሪክ ውስጥ የእንግዳ ተቀባይነትን ስም አገኘች። በዚያው ባሕር ላይ ዛሬም በየዓመቱ ሌሎች እንግዶች ይሻገራሉ።

የእነዚህ ወገኖች የመብረር አቅም ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጥቅምት ወር 2022 እ.ኤ.አ. አንድ ገና በዚያው ዓመት የተፈለፈለ ወፍ ከአላስካ ተነስቶ 11 ቀን ሙሉ ሳያርፍ በመብረር አውስትራሊያ ውስጥ ታስማኒያ ደርሷል። በጀርባው ላይ የታሰረችው አነስተኛ የሳተላይት መሣሪያ የመዘገበችው ርቀት 13,560 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ወፍ ፈረንጆቹ ባር ቴይልድ ጎድዊት የሚሉት ሲሆን በጨፌያችን ከምናያቸው ወፎች ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። እንዲህ ያሉት መንገደኞች ከመነሳታቸው በፊት እየበሉ ይሰባሉ፤ ከነርሱ ውስጥ ክብደታቸው እጥፍ የሚሆን አሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ በበረራ ጊዜ የማያስፈልጉት የምግብ መፍጫ አካላት ከጉዞው በፊት ሸክም እንዳይሆኑ ይሰልላሉ። ሱብሐነላህ!

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በብዙዎቹ ዝርያዎች ወላጆች ቀድመው ይሄዳሉ፤ ጫጩቶቹ የሚከተሉት ከሳምንታት በኋላ ነው። አፍሪካን አይቶ የማያውቅ፣ መንገዱን ያላሳየው፣ ዕድሜው ወራት ብቻ የሆነ ወፍ በፀሐይና በከዋክብት እንዲሁም በምድር መግነጢሳዊ ኃይል እየተመራ ሄዶ ወላጆቹ ካረፉበት አህጉር ይደርሳል። የሳይንስ ሰዎች እነዚህን መንገዶች እያጠኑ ብዙ ደርሰውበታል። አማኝ ደግሞ ጥናቱን እየተከታተለ በሱረቱ ጣሃ 50ኛው አንቀጽ ሙሳ (ዐ.ሰ) ለፊርዐውን የሰጡትን መልስ ያስታውሳል፤ ጌታችን ለእያንዳንዱ ነገር ተፈጥሮውን ሰጥቶ ከዚያም የመራው መሆኑን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ ላይ መመካትን ሲያስተምሩም ምሳሌ ያደረጉት ወፍን ነው። ቲርሚዚ ከዑመር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ መሠረት ወፏ ጠዋት ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ ትመለሳለች። ዑለማዎች እንዳስተዋሉት ወፏ ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ አትጠብቅም፤ ትወጣለች። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጣ የምትመጣዋ ወፍም የዚህ ትምህርት ሕያው ምስል ናት።

ማን ማን ናቸው?

ለአብዛኞቹ በአማርኛ በሁሉም ዘንድ የጸና አንድ ስም የለም። ስለዚህ አንባቢ በመጽሐፍ ቢፈልጋቸው እንዲያገኛቸው ፈረንጆቹ የሚጠሩባቸውን ስም ከመለያቸው ጋር እናቀርባለን።

አንደኛው ግሪን ሳንድፓይፐር ነው። ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል። ብቻውን መሆን ይወዳል፤ በቦይ ዳር፣ በኩሬ ጥግ፣ በምንጭ አፍ አይጠፋም። ጀርባው ጥቁር መሳይ፣ ሆዱ ነጭ ነው። ሲደነግጥ በጩኸት ብድግ ሲል ከጅራቱ በላይ ያለው ነጭ ቦታ ቦግ ብሎ ይታያል። በትውልድ አገሩ እንደ ዘመዶቹ መሬት ላይ ጎጆ አይሠራም፤ ሌሎች ወፎች በዛፍ ላይ ሠርተው የተዉትን አሮጌ ጎጆ ይጠቀማል።

ሁለተኛው ዉድ ሳንድፓይፐር ነው። ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ጀርባው ነጠብጣብ፣ እግሩም ረዘም ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ከዐይኑ በላይ ነጭ መስመር አለው። ብዙ ሆነው በአንድ ጨፌ ላይ ሊታዩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ኮመን ሳንድፓይፐር በጅረት ዳር ድንጋይ ለድንጋይ የሚሄደው ነው። መቀመጫውን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በደረቱና በክንፉ መካከል ወደ ላይ የወጣ ነጭ ቦታ አለው። ሲበር ከውኃው ብዙም ሳይርቅ ክንፉን ግትር አድርጎ ያርገበግባል።

አራተኛው ረፍ የሚባለው ነው። በመጠኑ ከእነዚህ ይበልጣል፤ አንገቱ ረዘም፣ ራሱ አነስ፣ ሆዱ ሞላ ያለ ነው። የጀርባው ላባ ጫፍ ጫፉ ስለሚነጣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ይመስላል። በመንጋ ሆኖ በረግረጉም በእርሻው ላይም ይሰማራል። ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚተልቅ ሁለት ዓይነት ወፎች ናቸው ብሎ የሚሳሳት ብዙ ነው። ወንዱ በትውልድ አገሩ በአንገቱ ዙሪያ የሚያበቅለውን ያማረ የላባ ኮሌታ ወደ እኛ ሲመጣ አራግፎት ነው።

አምስተኛው ስናይፕ ነው። ምንቃሩ ከራሱ ርዝመት እጥፍ የሚሆን፣ ጀርባው እንደ ደረቀ ሣር የተሰነጠረ ነው። ካልረገጡት በቀር አይነሳም፤ ሲነሳም ግራና ቀኝ እየታጠፈ ይበራል። የምንቃሩ ጫፍ ጭቃ ውስጥ ያለውን ትል በመዳሰስ ያውቃል፤ ቀሪው ምንቃር እንደተዘጋ ጫፉን ብቻ ከፍቶ መያዝ ይችላል። ዐይኖቹ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለተቀመጡ ምንቃሩን ጭቃ ውስጥ ነክሮ እያለ እንኳ ከኋላው የሚመጣበትን ያያል። ከዚህ ወገን ከሰሜን የሚመጣም፣ በደጋችን የሚኖርም አለ።

የምንቃሮቹን ልዩነት ልብ እንበል። አጭር ምንቃር ያለው ከላይ ይለቅማል፤ መካከለኛው ጥቂት ይወጋል፤ ረጅሙ ወደ ጥልቁ ይሰዳል። ሁሉም በአንድ ማዕድ ላይ ቀርበው አንዱ የሌላውን ድርሻ ሳይቀማ ይበላሉ።

እንግዶቹን የሚቀበሉ ባለ አገሮችም አሉ። ከሩቅ የሚሰማ ሻካራ ጩኸት የሚያሰማውና ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልበት ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይኖርም። በቄጤማው መካከል ጅራቱን እያወናጨፈ የሚሄደው ቡናማው ሩዤ ሬይልም እንዲሁ ነው። ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ራሱ ላይ ጥቁር ቆብ ያለው ስፖት ብረስትድ ፕለቨር ደግሞ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው።

እንዴት እንመልከታቸው?

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው።

ጊዜው፦ ከፈጅር ሶላት በኋላ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ እንዲሁም ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ሰዓት ከሁሉም ይመረጣል። ቀትር ላይ ወፎቹም ያርፋሉ፤ ከጭቃው የሚነሳው ወበቅም ዐይን ያጭበረብራል።

አቀማመጡ፦ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ፣ ከውኃው ራቅ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ነጭ ጋቢና ነጭ ነጠላ ከሩቅ ስለሚታይ ደብዘዝ ያለ ልብስ ይሻላል። ተቀምጦ ሩብ ሰዓት ዝም ያለ ሰው፣ ሲዞር ከዋለው ይልቅ ብዙ ያያል።

መሣሪያው፦ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ዐይንና ጆሮ ይበቃሉ። ዋናው ደብተርና እርሳስ ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ስንት ወፍ እንደታየ፣ የምንቃሩ ርዝመት፣ የእግሩ ቀለም፣ ምን ያደርግ እንደነበረ ይጻፍ። ዘንድሮ የመጀመሪያው እንግዳ በስንት ቀን ደረሰ? አምናስ? እንዲህ ያለ ደብተር ለአምስት ዓመት ቢያዝ እውነተኛ ጥናት ይሆናል። ስልክ ያለው ወጣትም በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሚመራው ኢበርድ በተባለው የወፍ መዝገብ ላይ ያየውን ሊያስገባ ይችላል።

ሥነ ምግባሩ፦ በእንቁላል ወይም በጫጩት ላይ ያለ ወፍ ሲጮህብን ወደ ኋላ መመለስ ግዴታችን ነው። አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ ሰሓቦች የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን በወሰዱ ጊዜ ወፏ ክንፏን እያርገበገበች መጣች፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው እንዲመልሱላት አዘዙ። በወንጭፍ ለጨዋታ ወፍ የሚመቱ ልጆቻችንም የኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ ሊሰሙ ይገባል። ወፍ አስረው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን ባገኙ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርገውን መርገማቸውን ነግረዋቸዋል። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ይህ ለወንዶች ልጆች ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። እናት ከሴት ልጇ ጋር ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ አባት ከልጁ ጋር ከብት ሲጠብቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። የአካባቢውን የወፍ ስም ከአያት ጠይቆ መጻፍም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በ8ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የኖሩት ግብፃዊው ዓሊም አድ ደሚሪ «ሐያቱል ሐየዋን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያዘጋጁ የእንስሳትንና የወፎችን ስም በፊደል ተራ አስቀምጠው፣ ከቋንቋው ጀምሮ እስከ ሸሪዓው ብይን ድረስ የሚታወቀውን ሰብስበዋል። ስም መሰብሰብ በዲናችን የዕውቀት ሥራ ሆኖ ኖሯል።

ማረፊያ ሲጠፋ

በወሎ የዕውቀት ታሪክ ውስጥ ደረሳ ከሸህ ወደ ሸህ ይጓዝ ነበር። አንዱ ፊቅህ ለመቅራት ወደ ዳና፣ ሌላው ወደ ጌታ ወይም ወደ ጀማ ንጉሥ ሲሄድ በመንገዱ ያሉ መንደሮች ያሳድሩት፣ ያበሉት ነበር። ከመንገዱ አንድ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ላይ የሚያሳድር ቤት ቢጠፋ ጉዞው በዚያ ይሰናከላል። የሚቀጥለው መንደር የቱንም ያህል ደግ ቢሆን ያልደረሰበትን እንግዳ ሊያስተናግድ አይችልም።

የወፎቹ መንገድም ልክ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ረግረግ በሰንሰለቱ ላይ ያለ አንድ ቀለበት ነው። በደቡብ ኢራቅ፣ ከበስራ አጠገብ ያለው ሰፊ ረግረግ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሳዳም ሑሴን መንግሥት ሆን ተብሎ በቦይ ሲደርቅ አብዛኛው ወደ ጨው በረሃ ተቀየረ፤ ለብዙ ዘመን በዚያ የኖረው ሕዝብም ተሰደደ። ከ2003 እ.ኤ.አ. በኋላ ግድቦቹ ሲፈርሱ ውኃው በከፊል ተመለሰ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቦታው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሐረማያ ሐይቅ አለልን። ወፎች የሚሰፍሩበት፣ ሐረር ትጠጣው የነበረው ይህ ሐይቅ በመስኖ ፓምፕ ሲሳብ፣ ከተራራው በሚወርድ ደለል ሲሞላ ቆይቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ውኃ ተመልሶበታል። ከሁለቱም ታሪክ የምንማረው አንድ ነው። ረግረግና ሐይቅ በሰው እጅ ይጠፋል፤ አላህ ሲፈቅድ በሰው ጥረትም ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የበርጋ ጨፌ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። ዋይት ዊንግድ ፍለፍቴይል የተባለችው ድንቢጥን ብዙም የማትበልጥ ወፍ በዚህ ጨፌ በሐምሌና በነሐሴ ትራባለች፤ ይህም የታወቀው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ጨፌው እንዲጠበቅ ሠርቷል፤ ነዋሪዎቹ ተደራጅተዋል፤ ለልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ያም ሆኖ የግጦሹና የእርሻው ግፊት አልቀረም። ማኅበሩ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በአገሪቱ ለወፎች ወሳኝ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ዘርዝሯል። ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ያልገባ የየቀበሌው ትናንሽ ጨፌዎች ግን ጠባቂያቸው እኛው ብቻ ነን።

ለመሬት አልባው ወጣት ወፍ ምኑ ነው?

ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በችኮላ መልስ የሚያልፉት አይደለም። መሬቱ ተከፋፍሎ አልቋል። ትዳር የያዘ ወጣት ዐይኑን ሲያማትር ያልታረሰ ሆኖ የሚያየው ጨፌውን ነው። ቦይ ቀዶ ውኃውን ቢያፈስሰው፣ ወይም ባሕር ዛፍ ቢተክልበት ልጆቹን የሚያበላ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ለወፍ ሲባል ተራብ» ብለን ብንነግረው አይሰማንም፤ ሊሰማንም አይገባም።

ነገር ግን ጨፌው የሚሰጠውን እንቁጠር። የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ወደ ታች ያለውን እርሻ ከመሸርሸር ያድናል። የያዘውን ውኃ በዝግታ ስለሚለቅ ምንጮች በበጋ አይነጥፉም። ሣር ሁሉ ሲደርቅ ለከብት የሚተርፈው የርሱ ሣር ነው። የደረቀ ጨፌ የመጀመሪያውን ዓመት ሰብል ሊሰጥ ይችላል፤ ዋጋውን ግን ከታች ያለው መንደር በምንጩ መድረቅ ይከፍለዋል። ወፎቹ ደግሞ የዚህ ሁሉ ምስክሮች ናቸው። የጨፌው ውኃ ሲቀንስ፣ መርዝ ሲገባበት፣ ሣሩ ሲያልቅ ከሁሉም በፊት የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። እነርሱ የቀሩበት ጨፌ ለከብቱም ለሰውም እየቀረ እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ሸሪዓችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ ሙስሊሞች በሦስት ነገሮች ሸሪኮች ናቸው፤ በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት። ጨፌ ውኃም ግጦሽም በመሆኑ አንዱ ለብቻው የሚያጥረው አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና ወጣ ብሎ ያለውን አን ነቂዕ የተባለውን ስፍራ ለጋራ ጥቅም ከልለውት ነበር። «ነቂዕ» ማለት ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታ ማለት ነው! ይህ ዓይነቱ ክልል ሒማ ይባላል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) ሒማ በከለሉ ጊዜ ለጠባቂው ሁነይ የሰጡት ትእዛዝ በቡኻሪ ተመዝግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የባለጸጎቹን የኢብኑ ዐውፍንና የኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲከለክል ነበር። እነዚህ ሁለቱ ታላላቅ ሰሓቦች ነበሩ፤ ሒማው ግን ለደካማው ቅድሚያ ሰጠ።

በአገራችንም ተመሳሳይ ልማድ ነበረ፤ አለም። የመንዝ ገበሬዎች የጓሳን ሣር ቀሮ በሚባል ሥርዓታቸው ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በጋራ ያጭዱ ነበር። ስለዚህ የየቀበሌው ሽማግሌዎችና ዑለማዎች ተቀምጠው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ከጨፌው ከፊሉ እንዲከለል፣ ሣሩ ሲደርስም መሬት ለሌለው ወጣትና ለመበለቷ ቀድሞ እንዲታጨድ ቢስማሙ ከሐዲሱም ከልማዱም አይወጡም። ያ ወጣት ከጨፌው ሣር ሸጦ፣ ከብት አድልቦ፣ ንብ አንብቦ ድርሻውን ካገኘ ቦይ ለመቅደድ የሚያስገድደው ምክንያት ይቀንሳል።

ከእኛ የሚጠበቀው

የመድረሳ አስተማሪዎች የወፎቹን አንቀጾች ሲያስቀሩ ደረሶቹን አንድ ጠዋት ወደ ጨፌው ቢያወጧቸው ትምህርቱ ከሰሌዳ ወደ ልብ ይገባል። የሳይንስ መምህራን የምንቃሩን፣ የክንፉንና የጉዞውን ትምህርት እዚያው ሊያስተምሩ ይችላሉ። ገበሬዎች የተባይ መርዝ ከረጩ በኋላ ዕቃውን በጨፌው ውኃ አይጠቡ፤ ትሉን የሚበላው ወፍም፣ ከዚያ ውኃ የሚጠጣው ልጅም በአንድ መርዝ ይጎዳሉና። ወላጆችም ከልጆቻቸው እጅ ወንጭፉን ሲቀበሉ በምትኩ ደብተር ይስጧቸው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን አንድ ሙስሊም ተክል ተክሎ ወይም ዘር ዘርቶ ከርሱ ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ይሆንለታል። ይህም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር በርራ፣ ስቧ አልቆ፣ አጥንቷ ቀርቶ የምታርፍ ወፍ ከጨፌያችን ብትጠግብ የዚህ ሰደቃ ድርሻ እንዲኖረን ተስፋ እናድርግ። እነዚህ ወፎች በሚያዝያ ወደ ሰሜን ሲመለሱ ደላንታ ላይ፣ ወሎ ላይ፣ ሐበሻ ላይ የበሉትን በክንፋቸው ተሸክመው ይሄዳሉ።

ዘንድሮ ነሐሴ ሲገባደድ እንግዶቹ በአላህ ፈቃድ ይመጣሉ። እኛ ጠራናቸውም አልጠራናቸውም መንገዳቸው ነው። በእጃችን ያለው ማረፊያውን ጠብቆ ማቆየት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በምድሩ ላይ የሰጠንን አማና የምንጠብቅ፣ ፍጥረቱን አይተው ከሚያስተነትኑት ያድርገን። ኣሚን።